የተከራየነው ቤት የጣውላ ወለል

በአዲስ አበባ የቆዩ ቤቶች ውስጥ የኖረ ቤተሰብ ያረጀ የጣውላ ወለልን ጠባይ ያውቀዋል። መካከሉ ገርጥቷል፤ በሩ አካባቢ ጠቁሯል፤ ሲረግጡት ይንቋቋል፤ ብቅ ያለ ምስማር የልጆችን እግር ይቧጭራል። እኛ ደግሞ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን የምንቀመጠው፣ የምንበላው፣ ሱጁድ የምናደርገው እዚያው ላይ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር የምትሸማቀቅ እናትም ጥቂት አይደለችም።

ለመሆኑ በሰው ቤት ላይ መድከም ምን ይጠቅማል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ሁለት ዓመት ቢያንስ ሁለት ረመዷን ነው። ሥራው ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ጉልበት ይፈልጋል።

ፈቃድ ይቅደም

የተከራየነው ቤት በእጃችን ያለ አማና ነው። ማጽዳትና ሰም መቀባት የወትሮ የቤት ሥራ ነው። መፋቅ፣ ቫርኒሽ ወይም ቀለም መቀባት ግን የጣውላውን መልክ ስለሚለውጥ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ አይነካም። ከፈቀዱም ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይያዝ፤ ነገ ከሚመጣ ቅያሜ ያድናል።

ብዙውን ጊዜ ወለሉ አላረጀም፤ ቆሽሿል

ለዓመታት የተደራረበ ሰምና አቧራ ጣውላውን ያጠቁረዋል። በመጀመሪያ ጥግ ላይ በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉ፤ የሚቀባ ነገር ከተነሳ አሮጌ ሰም ነው። መስኮት ከፍተው፣ እሳት በሌለበት፣ አኳራጅ በነካ ጨርቅ እየጠረጉ ያንሱት። ሰም ከሌለው ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በለብ ያለ ውኃ በጥብጠው፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ የጣውላውን መስመር ተከትለው ይወልውሉ፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ያድርቁ። ውኃ በባልዲ መድፋት ጣውላውን ያሳብጠዋል።

ብቅ ያለውን ምስማር ሌላ ወፍራም ምስማር ደግነው በመዶሻ ወደ ውስጥ ያስገቡት። ለትንሽ ቀዳዳ ከአናጺ ቤት የተገኘ ደቃቅ ሰጋቱራ በኮላ ለውሰው ይድፈኑ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። በሚንቋቋው መገጣጠሚያ ውስጥ የሕፃናት ፓውደር ቢነሰንሱ ድምፁ ይቀንሳል።

ወለሉ ፈጽሞ ሲደርቅ የወለል ሰም በስሱ ይቀቡ፤ ትንሽ ቆይተው በአሮጌ የሱፍ ልብስ ይወልውሉ። ይህን ለልጆች ስጧቸው፤ ጨርቁን ከእግራቸው ሥር አድርገው እየተንሸራተቱ ይጨርሱታል። ሰም ሲበዛ ግን ያንሸራትታልና አያቶች ባሉበት ቤት ይቆጠብ። ሰም ባለበት ወለል ላይ ደግሞ ቫርኒሽ አይዝም።

ጥንቃቄ

• በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።
• ሰምን ከላምባ ወይም ከቤንዚን ጋር እሳት ላይ አያቅልጡ።
• የምግብ ዘይት አይቀቡ፤ አይደርቅም፣ አቧራ ይሰበስባል። የተልባ ዘይት ይደርቃል፤ ነገር ግን ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላልና ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።
• በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል፣ ቀለም የተቀባ ወለል ልጆች ባሉበት ቤት በደረቁ አይፋቅ።

ያረጀ ወለል ነጃሳ አይደለም

በመጨረሻም እህቶች የሚጨነቁበት ነገር አለ። የጠቆረ ወይም የተቧጨረ ጣውላ መልኩ ይደክም እንጂ ሶላት አያስከለክልም። ሰም ደግሞ ወለልን ያሳምራል እንጂ ነጃሳን አያጠራም። ሕፃን ሲሸና በመጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ይምጠጡ፤ ቀጥሎም ንጹሕ ውኃ እየቀያየሩ ደጋግመው ይጠቡ፤ ሰም የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

ያልቻልነውን ቦታ ምንጣፍ ይሸፍነው። ቤቱን ስንለቅ ከተቀበልነው አሳምረን ማስረከብ ለባለቤቱም፣ ለሚመጣው ተከራይም መልካም መዋል ነው። አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን።