የአሠሪው ድርሻ፦ የቡልቡላ አካባቢ ሁለት ግንባታዎች

በግንባታ ውል አሠሪ የሚባለው ሥራውን የሚያሠራውና ክፍያውን የሚፈጽመው ወገን ነው። ተቋራጩ ይገነባል፣ አማካሪ መሐንዲሱ ይቆጣጠራል። ምን እንደሚሠራ መወሰን፣ ገንዘብ ማቅረብና ቦታውን ከይገባኛል ነፃ አድርጎ ማስረከብ ግን የአሠሪው ኃላፊነት ነው።

ቡልቡላ በባቱና በአርሲ ነገሌ መካከል ትገኛለች። በዚሁ መስመር የሚያልፈው የሞጆ–ሐዋሳ የፍጥነት መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሲሆን አሠሪው አንድ ነው፤ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር። ገንዘቡ ግን ከአራት ቦታ መጥቷል፦ እስከ መቂ ከአፍሪካ ልማት ባንክ፣ እስከ ባቱ ከኮሪያ፣ እስከ አርሲ ነገሌ ከዓለም ባንክ፣ እስከ ሐዋሳ ከቻይና። አበዳሪዎቹ የየራሳቸው የጨረታ ደንብ አላቸው። ለምሳሌ በኮሪያ ብድር የተሠራውን ክፍል የገነባው የኮሪያው ተቋራጭ ዳኤዎ ነው። አራቱ ውሎች አንድ መንገድ እንዲያስገኙ ማድረግ የሚችለው አሠሪው ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የወሰን ማስከበር ሥራ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ባለይዞታው መሬቱን የሚለቀው ካሳ ከተከፈለው በኋላ ነው። አዋጁ ሲወጣ ገንዘቡን የሚያቀርበው አሠሪው ነበር፤ ካሳውን የሚያስገምተውና የሚከፍለው ግን የወረዳው ወይም የከተማው አስተዳደር ነው። በመካከላቸው ሥራ ከተጓተተ ገበሬው በይዞታው ላይ ሳይተማመን ይከርማል፤ ማሽነሪውም ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ፊዲክ በሚባለው ዓለም አቀፍ የውል ሁኔታ ደግሞ ቦታ በወቅቱ ያልተረከበ ተቋራጭ የጊዜ ማራዘሚያና ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ቦታው ሳይዘጋጅ ውል ለመፈረም መቸኮል ጊዜ አያተርፍም።

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡልቡላ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሌላ ፈተና አለው። ከቡሬ፣ ከይርጋለምና ከባእከር ጋር ከመጀመሪያዎቹ አራት ፓርኮች አንዱ ሲሆን አሠሪው የኦሮሚያ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ነው። ሼድና የውስጥ መንገድ በተቋራጭ ይሠራል። ኤሌክትሪክ ግን የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ የፋብሪካው ጥሬ ዕቃም ምርት በሚሰበሰብባቸው የገጠር ሽግግር ማዕከላት በኩል ከገበሬው መምጣት አለበት። እነዚህን ሁሉ በአንድ የጊዜ ሰሌዳ ማገናኘት በተቋራጩ ውል ውስጥ የለም፤ አሠሪው ካልያዘው ባለቤት ያጣል።

ክፍያም የዚያኑ ያህል ይመዝናል። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የፊዲክ ሰነድ አማካሪው የክፍያ ጥያቄና ደጋፊ ሰነዶች ከደረሱት ጀምሮ አሠሪው በ56 ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት፤ ሲዘገይ ወለድ ይታሰብበታል። ከጊዜያዊ ርክክብ በኋላም ጉድለት የሚታረምበት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ 1 ዓመት፣ ይከተላል። በዚህ ወቅት ጉድለቱን መዝግቦ በጽሑፍ ማሳወቅ ስላለበት፣ አሠሪው ግንባታውን ወደፊት የሚያስተዳድሩትን ባለሙያዎች ከርክክቡ በፊት መመደብ ይኖርበታል።