የዳሌ ሕመምና ነርቭን የማቃጠል ሕክምና

ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ያሏቸው ሰዎች ደጋግመው ከሚያነሱልኝ ጥያቄዎች አንዱ “የዳሌ ሕመም ነርቭ በማቃጠል ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል ይባላል፤ እውነት ነው?” የሚል ነው፡፡ መልሴ “ሕመሙ ሊቀንስ ይችላል፤ በሽታው ግን አይድንም” ነው፡፡

በአረጋውያን ላይ ለሚታየው ሥር የሰደደ የዳሌ ሕመም ዋነኛው ምክንያት ኦስቲዮአርትራይተስ ነው፡፡ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ ሲሳሳ መገጣጠሚያው ይቆጣል፤ ሕመሙም ብዙውን ጊዜ ብሽሽት ላይ ይሰማል፡፡ ከመገጣጠሚያው የፊት ክፍል የሕመሙን መልእክት የሚያስተላልፉት በዋናነት ከፌሞራልና ከኦብቹሬተር ነርቮች የሚወጡ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ናቸው፡፡ ሕክምናው የሚያነጣጥረው በእነዚህ ላይ እንጂ እግርን በሚያንቀሳቅሱት ዋና ነርቮች ላይ አይደለም፡፡

ሐኪሙ በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ እየታገዘ መርፌ ያስገባል፡፡ በተለመደው ዘዴ በሬዲዮ ሞገድ የሚፈጠር 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሆነ ሙቀት ቅርንጫፎቹን ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ያቃጥላል፡፡

ከዚያ በፊት ግን መዘለል የሌለበት ደረጃ አለ፡፡ በዚያው ቦታ ማደንዘዣ ብቻ ተወግቶ ታማሚው በቀጣዮቹ ሰዓታት ይራመዳል፣ ደረጃ ይወጣል፡፡ ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ ካልቀነሰ ምንጩ ሌላ፣ ለምሳሌ ወገብ ሊሆን ስለሚችል ማቃጠሉ ብዙም አይጠቅምም፡፡

እፎይታውም ዘላቂ አይደለም፡፡ ነርቭ መልሶ ስለሚያድግ ሕመሙ ከወራት ወይም ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሕክምናው ሊደገም ይችላል፡፡ በዳሌ ላይ የተደረጉት ጥናቶችም በጉልበትና በወገብ ላይ ከተደረጉት ያነሱ ናቸው፡፡ የደም መፍሰስ፣ የጭን መደንዘዝና ድካም ሊያጋጥም ይችላል፡፡ ስለዚህ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ወይም ፔስሜከር ያላቸው ሰዎች አስቀድመው ለሐኪሙ መንገር አለባቸው፡፡

መገጣጠሚያው ክፉኛ ለተጎዳበት ሰው ዘላቂው መፍትሔ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሌይ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መሠረት ያስያዙት፣ ዳሌን በሰው ሠራሽ የመተካት ቀዶ ሕክምና ነው፡፡ ልቡ ወይም ሳንባው ቀዶ ሕክምናውን ለማይችል አዛውንት ግን ነርቭ ማቃጠል ትርጉም አለው፡፡ ያለበለዚያ ዕጣው ኩላሊትና ጨጓራ የሚጎዱ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችን ለዓመታት መዋጥ፣ አለዚያም አልጋ ላይ መዋል ይሆናል፡፡

እፎይታው የተገኘበትን ጊዜ ደግሞ መጠቀም ያስፈልጋል፡፡ በፊዚዮቴራፒ የጭንና የዳሌ ጡንቻዎችን ያጠነከረ ሰው፣ ሕመሙ ቢመለስ እንኳ የተሻለ አቅም ይዞ ይጠብቀዋል፡፡