ሽማግሌ ይዞ መንዝ የሚወጣ ሰው ፍሪሲዮን እንዴት ይግዛ?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፍሪሲዮን ነው። «ደግሞ ፍሪሲዮን እዚህ ገጽ ላይ ምን ይሠራል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ፤ ዞሮ ዞሮ ፍቅር ቤት መድረሳችን አይቀርም።

ነገሩ የሆነው በጥር 2015 ዓ.ም. ነው። አንድ ጓደኛዬ (ስሙ ይቅርብኝ፣ አሁን ባለትዳር ነው) የሚወዳት ልጅ ቤተሰቦቿ መሐል ሜዳ ናቸው። ሦስት ሽማግሌ አሰባሰበ፣ እኔን ለድጋፍ ጨመረና ከአጎቱ በወረሳት አሮጌ ኮሮላ ልንወጣ ቀጠሮ ያዝን። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1988 ስሪት፣ ነጭ፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ ናት። ቀለሟ ያምራል። ውስጧን ግን እግዜር ይወቀው።

ለጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀመረ። ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። መካኒኩ አይቶ «ሙሉውን ቀይረው» አለው። የኔ ሰው ግን ለአማቶቹ ጋቢና ነጠላ ገዝቶ ኪሱ ሳስቷል። ገበያ ወጣና «የኮሮላ ፍሪሲዮን ሸራ ስጡኝ» አለ። ሰጡት። ካርቶኑ ላይ «ጃፓን» ይላል፤ ዋጋው ደግሞ የሚያሳቅቅ አይደለም። ሸራው ብቻ ተቀየረ። ካምቢዮው ተመልሶ ተሰቀለ። እኛም ተነሣን።

እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ሽርሽር ነበር። ሽማግሌዎቹ ተረት እያወሩ፣ እኛ እየሳቅን። ጣርማበር ላይ፣ ዋሻው ሳይደረስ፣ ወደ መዘዞ መታጠፊያውን ይዘን ጥቂት እንደሄድን አንደኛው ሽማግሌ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ ጎማ ነው የሚቃጠለው?»

«አይ ጋሼ፣ የውጭ ሽታ ነው።»

ውሸቱን ነው። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። ሞላሌ ሳንደርስ አንድ ዳገት መሀል ላይ ማርሹ ገብቶ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች! ልጅ ሊጠይቁ የለበሱ የተከበሩ ሰዎች ጋቢያቸውን እያጣፉ ጎማ ሥር የሚያደርጉት ድንጋይ ፍለጋ ሲሮጡ ማየት… እኔ እስካሁን አልወጣልኝም። የመንዝን ብርድ ደግሞ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በርኖስና ባና እዚያ አገር ለጌጥ አልተሠራም።

በመጨረሻ ገብስ የጫነ አይሱዙ ደርሶ ሽማግሌዎቹን ወሰደልን። መሐል ሜዳ የገቡት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። የልጅቷ አባት በር ላይ ቆመው የተናገሩት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ «ልጄን የሚወስደው ሰውዬ ራሱ ተጎትቶ ነው የሚመጣው?» ጉዳዩ ለፋሲካ ማግስት ተቀጠረ።

መኪናዋ ደብረ ብርሃን በጭነት መኪና ተመልሳ ጋራዥ ገባች። ካምቢዮው ሲወርድ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ እዚህ ላይ ነው ዓይኔ የተከፈተው። አዲሱ ሸራ ከሰል መስሏል። ሸራውን የሚጫነው ባለ ምላሱ ሳህን፣ ፕሬዠር ፕሌት የሚሉት፣ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። ከሞተሩ ጀርባ የሚሽከረከረው ከባዱ ብረት፣ ቮላኖው፣ ተሰነጣጥቋል። መካኒኩ ሸራውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠና «እየው» አለኝ። ሸራው ከሳህኑ ፊት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይጠባል። ለካ መኪናዋ ሞተር ተቀይሮላታል! የስሪት ሳህኗ 1,300 ይላል፣ ኮፈኑ ውስጥ የተቀመጠው ግን 1,600 ነው። አጎት ሳይነግሩ አውርሰዋል።

እንግዲህ «የኮሮላ ስጠኝ» ማለት ምን ያህል ባዶ ንግግር እንደሆነ ተመልከቱ። ኮሮላ የሚለው ስም እኮ ስንቱን ያቀፈ ነው! እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው በኋላ ጎማ የሚነዳ ነበር፤ በ1983 የመጣው ደግሞ አብዛኛው በፊት ጎማ ነው። የሁለቱ ካምቢዮ ሌላ፣ ፍሪሲዮን ሌላ። ቮልስ የምትነዱም አትሳቁ። የ1,200 እና የ1,300 ሞተር ቮልስ ሸራው ስፋቱ 180 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ1,500 እና የ1,600ው 200 ነው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ኩሽኔታው የሚንሸራተትበት ቱቦ ካምቢዮው ላይ ስለተጨመረ የድሮው ኩሽኔታ ለአዲሱ፣ የአዲሱም ለድሮው አይሆንም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ኮፈኑን ክፈቱና የስሪት ሳህኑን አንብቡ፤ ቶዮታ ላይ የሞዴሉም የሞተሩም ምልክት እዚያ ተጽፏል። ቀጥሎ ራሱ ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር አስተያዩ። አገራችን ውስጥ ሞተር ያልተቀየረላት አሮጌ መኪና ማግኘት ብርቅ ነውና ሁለቱ ካልተስማሙ እመኑ የምላችሁ ሞተሩን ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን አሮጌውን ዕቃ አስወርዶ በፌስታል ይዞ ገበያ መውጣት ነው። አዎ፣ መኪናችሁ ጋራዥ ውስጥ ሆዷ ተከፍቶ አንድ ቀን ትውላለች። ትዋል! (የተወረደው ዕቃ ራሱ የተሳሳተ ሊሆን እንደሚችል ግን ከኔ ጓደኛ ተማሩ፤ ሸራውን ከፕሬዠር ፕሌቱና ከቮላኖው ፊት ጋር ሳታስተያዩ አትነሡ።)

እኔ ተላክሁ። ሸራ፣ ሳህንና ኩሽኔታ በፌስታል አድርጌ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ አዲስ አበባ፣ ከዚያ መርካቶ ሱማሌ ተራ። ሱማሌ ተራን የማያውቅ የለም፤ የተሰረቀ እስፖኪዮህን ለራስህ መልሰው ይሸጡልሃል የሚባልበት ሰፈር ነው። ቢሆንም ለአሮጌ መኪና ዕቃ እንደሱ ያለ ቦታ አላውቅም፤ ዓይን ይዞ ለሄደ ማለቴ ነው። ዓይን ማለት ደግሞ ይኼ ነው፦ የሸራውን ስፋት ከዳር እስከ ዳር መለካት፣ መሀሉ ያለውን ጥርስ መቁጠር፣ የመሀሉ እምብርት ወደየት በኩል እንደሚወጣ ማየት። ካምቢዮ ዘንግ ላይ ሲገባ ያለ ግፊት ወለል ብሎ መንሸራተት አለበት፤ ግራ ቀኝ ሲያወዛውዙት ግን መላወስ የለበትም።

ባለ ሱቁ «ኦርጅናል ነው ወንድሜ፣ በእናቴ!» ይላችኋል። በእናቱ አትፍረዱ። ካርቶንም አይታመንም፤ ባዶ ካርቶን ራሱን የቻለ ንግድ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው የዕቃ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ፊደሉ የተንሻፈፈ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ የፋብሪካው ስም አንድ ፊደል የጎደለው ከሆነ ተውት። የጓደኛዬ «ጃፓን» በኋላ ሳነበው ስሙ በትክክል እንኳ አልተጻፈም ነበር። ለጃፓን መኪና መካኒኮች የሚያምኑት ኤክሰዲንና አይሲንን ነው፤ ኤክሰዲ እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ድረስ ዳይኪን ይባል የነበረው ነው፣ አይሲን ደግሞ ከቶዮታ ቡድን ነው። ለአውሮፓ መኪኖች የፈረንሳዩ ቫሊዮ፣ የጀርመኖቹ ሳክስና ሉክ አሉ። በስማቸው ፎርጅድ የሚሠራባቸውም እነዚሁ ናቸው፤ ማንም ሰው የማይታወቅ ስም ፎርጅድ አይሠራም።

«ሸራውን ብቻ» የሚለው ቁጠባ ነገር… እህ! እስቲ ሥራውን አስቡት። ዋናው ድካም ካምቢዮ ማውረድና መስቀል ነው። አንዱንም ቀየራችሁ ሦስቱንም፣ ካምቢዮው አንዴ መውረዱ አይቀርም፣ የእጅ ዋጋውም ያው ነው። ሸራ፣ ፕሬዠር ፕሌትና ኩሽኔታ አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ያረጃሉ። ዛሬ በኩሽኔታ የቆጠባችሁት ከሦስት ወር በኋላ እየጮኸ ሁለተኛ ካምቢዮ ያስወርዳችኋል። ሦስቱንም በአንድ ካርቶን፣ ከአንድ ፋብሪካ ግዙ። ገንዘቡ ካልሞላ ጉዞውን አዘግዩ እንጂ ዕቃውን አትቆራርጡ።

ያገለገለ የዱባይ ዕቃስ? ፕሬዠር ፕሌቱ ፊቱ ለስላሳ ከሆነ፣ ሰማያዊ የቃጠሎ ምልክት ከሌለው፣ ምላሶቹም እኩል ከቆሙ ጨክኜ አልከለክልም። ያገለገለ ሸራና ያገለገለ ኩሽኔታ ግን የሰው የጥርስ ብሩሽ እንደመግዛት ነው። በአሮጌው ብረት ላይ አዲስ ሸራ የሚመቱ ባለሙያዎችም አሉ፤ መሀሉ ያሉት ስፕሪንጎች ግን ያው አሮጌዎቹ ናቸው። ለከተማ ዙሪያ ይሆን ይሆናል፣ ለመንዝ ዳገት አይሆንም።

ካምቢዮው እንደወረደ ከሞተሩ በኩል ዘይት የሚያፈስ እንዳለ እዩ። አንዲት ርካሽ የዘይት ሲል ባለመቀየሯ አዲሱ ሸራ ዘይት ጠጥቶ በሳምንቱ መንሸራተት ይጀምራል። ቮላኖው ከተቧጨረ ቶርኖ ቤት ፊቱን ያስተካክሉታል፣ የኛ ግን ስንጥቁ ጥልቅ ስለነበር ሌላ ተገዛ። ኩሽኔታውን በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚያጥብ መካኒክ ካያችሁ እጁን ያዙት፤ ውስጡ የታሸገውን ግራሶ ያጥበዋል። አቧራውንም በኮምፕሬሰር አታስነፉ። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ አለባቸው፣ ሳንባ ውስጥ ከገባ የማይወጣ ነገር ነው። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ወጪ ከመውጣቱ በፊት ግን በሽታው እርግጥ ፍሪሲዮኑ መሆኑን ለዩ። ማርሽ አልገባ ብሎ የሚያንገጫግጭ ከሆነ ችግሩ ገመዱ ወይም የዘይት ማስተሩ ሊሆን ይችላል፤ ያ ካምቢዮ አያስወርድም። ለመንሸራተት ሙከራው ቀላል ነው። ሜዳ ላይ፣ ከፊት ሰው በሌለበት፣ የእጅ ፍሬን ጥብቅ አድርጋችሁ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ነዳጅ እየሰጣችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ከጠፋ ደህና ነው። እያጓራ ከቀጠለ ሸራው አልቆለታል። አንዴ ይበቃል፣ ደጋግማችሁ አትፈትኑት።

ይህን ሁሉ የማጠብቀው አገራችን ዳገት ስለሆነች ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ መሐል ሜዳ ከ3,000 ያልፋል። ጉልበቱ ሲያንስ ሹፌሩ ነዳጅ አብዝቶ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ ይዞ ይነሣል፤ ሸራው የሚጠበሰው ያኔ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉን አሮጌዎች ገና ብዙ ዳገት ይጠብቃቸዋል።

(በነገራችን ላይ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። የጣርማበርን ዋሻ የቆፈሩትም ጣሊያኖች ናቸው። ሰዎቹ በ1933 ዓ.ም. ተባረሩ፣ ቃላቱና ዋሻው ቀሩ።)

የኔ ጓደኛ ሙሉውን ቀየረ። መካኒኩ «500 ኪሎ ሜትር እስክትሞላ ሳትጭን፣ ሳታጣድፍ ከተማ ውስጥ ንዳት» ስላለው እየቆጠረ ነዳት። ከፋሲካ በኋላ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ጭነን ያንኑ ዳገት ወጣን። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ሦስቱም ዝም አሉ። አንደኛው አፍንጫቸውን ነፋ አደረጉ፣ ምንም የለም። መሐል ሜዳ በጠራራ ፀሐይ ገባን። የልጅቷ አባት መጀመሪያ ያዩት ሙሽራውን አይደለም፤ መኪናዋን ዞረው ጎተራ እንደሚገዛ ሰው አንኳኩና «ዛሬስ በራስዋ ነው የመጣችው?» አሉ።

አሁን ባልና ሚስት ናቸው። እሷ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች፣ ከሱ ትሻላለች። እሱ እየነዳ እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ ካሳረፈ ጉልበቱን በጥፊ ትመታዋለች።