ጠንካራ መሰላል ለትናንሽ ጀልባዎች

ሞጆ ወደብ ቢኖራትም መርከብ አይደርስባትም። ከጅቡቲ በባቡርና በከባድ መኪና የሚመጣው ኮንቴይነር የሚራገፍበት ደረቅ ወደብ ስለሆነ በግቢው ውስጥ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውኃ የለም። ይሁን እንጂ የሞጆ ወንዝ ወርዶ የሚገባበት የቆቃ ሐይቅ ከከተማው ሩቅ አይደለም። የአዋሽ ወንዝ በ1952 ዓ.ም. በተመረቀው ግድብ ታግዶ የተፈጠረው ይህ ሐይቅና በስተደቡብ የሚገኘው የዝዋይ ሐይቅ ቆሮሶ፣ አምባዛና ዱባ የተባሉት ዓሦች በትናንሽ ጀልባዎች የሚሰገሩባቸው ናቸው።

አንድ የአስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጀልባ ሲገዛ ስለ ሞተሩ፣ ስለ መቅዘፊያውና ስለ መረቡ አጥብቆ ይመክራል። ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ተመልሶ ወደ ጀልባው የሚወጣበት መሰላል ግን በቀላሉ ይዘነጋል።

ውኃ የሰውን ክብደት ያቀላል። ሰውየው ከውኃው መውጣት ሲጀምር ግን ክብደቱ ሁሉ ተመልሶ ይጫነዋል። የተጠላለፈ መረብ ለማላቀቅ የወረደ አስጋሪ ልብሱ ርሶ፣ ክንዱ ዝሎ ይመለሳል። በጀርባው የአየር ጠርሙስ፣ በወገቡ የእርሳስ ክብደት የታጠቀ ጠላቂማ እስከ 30 ኪሎ የሚደርስ ተጨማሪ ሸክም አለበት። እንዲህ ያለው ሰው በጀልባው ጠርዝ ላይ ሲንጠለጠል ጀልባው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ በላዩ ያሉትንም ሊገለብጥ ይችላል። በቆቃ ሐይቅ ጉማሬና አዞ መኖራቸው ሲታሰብ በውኃ ውስጥ የሚባክን እያንዳንዱ ደቂቃ አደጋ ነው።

አሠራሩ

መሰላሉን በሞጆም ሆነ በአዳማ የሚገኝ ብየዳ ቤት ሊሠራው ይችላል። የቆቃና የዝዋይ ውኃ ጨዋማ ስላልሆነ ዚንክ የተቀባ የውኃ ቧንቧ ረጅም ጊዜ ያገለግላል። እንደ አቢጃታና ሻላ ባሉት ሶዳ በበዛባቸው ሐይቆች ግን ብረት ቶሎ ይበላል። ለሁለቱ ቋሚዎች ባለ 1 ኢንች ቧንቧ ይበቃል። የርከኖቹ ስፋት ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ደግሞ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ርዝመቱ ነው። የመጨረሻው እርከን በውኃው ወለል ላይ ከቀረ ዋናተኛው እግሩን ሊያነሣበት አይችልም። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት እርከኖች በውኃ ውስጥ መግባት ይኖርባቸዋል። የጀልባው ጠርዝ ከውኃው 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ 90 ሳንቲ ሜትር ተጨምሮ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ40 ይሆናል። ከጠርዙ በላይም ሁለት የእጅ መያዣዎች ያስፈልጋሉ። የእግር ጣት በእርከኑ ላይ በደንብ እንዲያርፍ መሰላሉ ከጀልባው አካል 15 ሳንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ለዚህም ከታች ሁለት መደገፊያዎች ተበይደው ጫፋቸው በአሮጌ የመኪና ጎማ ይለበጣል።

ለጠላቂ ሌላ ዓይነት መሰላል ይሻላል። ይኸውም መካከሉ አንድ ወፍራም ቧንቧ ሆኖ እርከኖቹ እንደ ዓሣ አጥንት ግራና ቀኝ የወጡበት ነው። ጎኑ ክፍት ስለሆነ ጠላቂው ከእግሩ ያሰረውን መዋኛ ክንፍ ሳያወልቅ ይወጣል። እግር እንዳያንሸራትት የእርከኖቹ ጫፍ በትንሹ ወደ ላይ ይታጠፋል።

ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ለጤና ጎጂ ስለሆነ ሥራው ከቤት ውጭ ይከናወን። የተበየደው ሥፍራ ተፍቆ ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባ። ከባሕር ዛፍ የሚሠራ መሰላል በውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ከታች ብረት ሊታሰርበት ይገባል። የገመድ መሰላል ደግሞ ወደ ጀልባው ሥር ስለሚገባ ለደከመ ሰው አይሆንም።

አተካከሉና ፍተሻው

መሰላሉ በጀልባው ጎን ከተተከለ ሚዛን ያዛባል። ስለሆነም በኋላ በኩል፣ ከሞተሩ ራቅ ብሎ፣ በቡሎንና በዳዶ ቢታሰር ይመረጣል። በውስጥ በኩል ጠንካራ ሳንቃ ወይም ላሜራ ካልተደገፈበት ቡሎኑ የጀልባውን አካል ሊቀድ ይችላል። ሰው ወደ መሰላሉ ከመቅረቡ በፊት ሞተሩ ፈጽሞ ይጥፋ።

መሰላሉ ሥራ ላይ ሳይውል በየብስ ይፈተን። በጠንካራ ነገር ላይ ታስሮ ሁለት ኩንታል እህል ይንጠልጠልበት። ከታጠፈ ወይም ብየዳው ከተሰነጠቀ ሰው አይውጣበት፤ የሚወጣው ሰው ድንገት ሲረግጠው ከኪሎው በላይ ይጫነዋልና።

ከዚህም ሌላ በቆቃ ሐይቅ ለረጅም ዘመን የቆየው እንቦጭ በእርከኖቹ ላይ ስለሚጠመጠም ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ መጽዳት አለበት።

በሐይቅ ዳር ያሉ የገበሬ ማኅበራትና የአስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ጉዳዩን በስብሰባ አቅርበው ሁለት ነገር ቢያስወስኑ ይጠቅማል። አንደኛው፣ መሰላል ሳይወርድ ማንም ከጀልባ ወደ ውኃ እንዳይገባ፤ ሁለተኛው፣ ብየዳውንና ቡሎኑን በየሳምንቱ የሚመረምር አንድ ኃላፊ እንዲመረጥ ነው። ለጥቂት ሜትር ቧንቧና ለአንድ ቀን ብየዳ የሚወጣው ገንዘብ ከማኅበሩ ካዝና ሊሸፈን ይችላል። በሐይቁ የሚቀር አባል ግን በምንም አይተካም።