የክርክር ቡድን ከአፍ በፊት ጆሮ ይፈልጋል

በአሜሪካ ኮሌጆች ትምህርት በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ክለቦች ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው አዲስ አባል ይመዘግባሉ። የንግግርና የክርክር ቡድኑ ጠረጴዛ ጋ የደረሰ ተማሪ ብዙ ጊዜ «ይሄ ለአፈ ጮሌ ነው፤ ለኔ አይሆንም» ብሎ ያልፋል። «ታላቅ ሲናገር ዝም ይባላል» እየተባለ ያደገ፣ እንግሊዝኛውም ገና ያልተፍታታለት የሐበሻ ልጅማ ቆም ብሎ ለመጠየቅም ላይደፍር ይችላል። ግን በዚህ ቡድን ውስጥ ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ችሎታ ማዳመጥ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት የቡድኑን ሥራ ከሥሩ እንመልከት።

ቡድኑ ሁለት ክንፍ አለው። በንግግሩ ክንፍ ተማሪው ብቻውን ይቆማል፤ የሚሞግተው ተቃዋሚ የለም። አንዱ ዓይነት አስቀድሞ ተጽፎ በቃል የሚጠና፣ ለማስረዳት ወይም ለማሳመን የሚቀርብ የ10 ደቂቃ ንግግር ነው። ሌላው ዓይነት ዝግጅቱ አጭር ነው። «ኤክስቴምፕ» በሚባለው ውድድር ተማሪው ከሦስት የወቅታዊ ጉዳይ ጥያቄዎች አንዱን መርጦ 30 ደቂቃ ይዘጋጅና 7 ደቂቃ ይናገራል። «ኢምፕሮምፕቱ» ደግሞ ይብስ ያጣድፋል። ጥቅስ ይሰጠዋል፤ ለማሰብም ለመናገርም ያለው ጊዜ በጠቅላላው 7 ደቂቃ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ወደ ትያትር ይጠጋል፦ ተማሪው ልብ ወለድ፣ ግጥም ወይም ድራማ በትንሽ ጥቁር አቃፊ ይዞ በድምፅና በፊት ገጽታ ሕይወት ይዘራበታል። መድረክ የሚፈራ ጀማሪ በቃል በሚጠናው ንግግር ቢጀምር ይቀለዋል፤ ንግግሩን እቤቱ መቶ ጊዜ ሊለማመደው ይችላልና።

በክርክሩ ክንፍ ተቃዋሚ አለ፤ የክርክሩም ዓይነት እንደ ኮሌጁ ይለያያል። «ፖሊሲ» የሚባለው ዓመቱን ሙሉ በአንድ ርዕስ ላይ የሚካሄድ፣ በማስረጃ ክምር የተሞላና በጣም ፈጣን ንግግር የሚበዛበት ነው። ብሔራዊ ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1947 በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተጀመረ። «ሊንከን ዳግላስ» አንድ ለአንድ ነው። ስሙን የወሰደው አብርሃም ሊንከንና ስቲቨን ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1858 ለሴኔት ወንበር ሲፎካከሩ ኢሊኖይ ውስጥ ሰባት ጊዜ ካደረጉት ክርክር ነው። በዓለም ዙሪያ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ግን የብሪታንያ ፓርላማ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ግላስጎው ላይ የተጀመረው የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ሻምፒዮና የሚካሄደው በዚሁ ነው። አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል።

ርዕሱ «የከተማ አውቶቡስ ለሁሉም ነፃ ይሁን» የሚል ነው እንበል። ርዕሱ ሲነገር አራት ቡድኖች፣ በእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ተማሪዎች፣ 15 ደቂቃ ለመዘጋጃ ይሰጣቸዋል። ሁለቱ ቡድኖች «መንግሥት» ተብለው ይደግፋሉ፤ ሁለቱ «ተቃዋሚ» ናቸው። ወገን የሚደርሰው በዕጣ ስለሆነ በልቡ ነፃ አውቶቡስን የሚደግፍ ልጅ ሊቃወም ይገደዳል። ስምንቱም ተራ በተራ ሰባት ሰባት ደቂቃ ይናገራሉ። ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላና ከመጨረሻው ደቂቃ በፊት ባለው ጊዜ ከተቃራኒው ወገን የሆነ ሰው ተነሥቶ አጭር ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል፤ ተናጋሪው መቀበልም «ይቅርብኝ» ማለትም ይችላል።

የመንግሥት የመጀመሪያ ተናጋሪ «ጠቅላይ ሚኒስትር» ይባላል። ርዕሱ ምን ማለት እንደሆነ ይገልጻል፤ ወጪው ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚጠቀም ይናገራል። ምናልባት ሉክሰምበርግ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሕዝብ ትራንስፖርትን በነፃ ማድረጓን ይጠቅሳል። የተቃዋሚው መሪ ተነሥቶ «ሉክሰምበርግ ትንሽና ሀብታም አገር ናት» ብሎ ቢቀመጥ ነጥብ አያስገኝለትም። «ድሃውን የሚያስቸግረው የቲኬቱ ዋጋ ሳይሆን አውቶቡሱ ሳይመጣ አንድ ሰዓት መቆሙ ነው፤ ያ ገንዘብ ተጨማሪ አውቶቡስ ይግዛበት» ካለ ግን ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። የሁለቱ መሪዎች ጓደኞች ከተናገሩ በኋላ ከየወገኑ የሚነሡት ቀሪዎቹ ሁለት ቡድኖች «መዝጊያ» ይባላሉ፤ እነሱም ከፊተኞቹ ወዳጆቻቸው የተለየ አዲስ ሐሳብ ማምጣት አለባቸው። የመንግሥት መዝጊያ ለምሳሌ «ቲኬት ካልቀረ ተቆጣጣሪና ቅጣት ይኖራል፤ ቅጣቱ ደግሞ የሚያርፈው በድሃው ላይ ነው» ሊል ይችላል። በመጨረሻ ዳኞች አራቱን ቡድኖች ከአንደኛ እስከ አራተኛ ደርድረው 3፣ 2፣ 1 እና 0 ነጥብ ይሰጣሉ።

እንግዲህ ማዳመጥ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የመዝጊያ ቡድን ተናጋሪ እስኪነሣ ድረስ ከአራት ሰው ያላነሰ ተናግሯል፤ ያንን ሁሉ ያልሰማ ሰው የተባለውን ደግሞ ይቀመጣል። ስለዚህ ተከራካሪዎች «ፍሎው» የሚሉትን የማስታወሻ አያያዝ ይማራሉ። ወረቀቱን በዓምድ ከፍለው የእያንዳንዱን ተናጋሪ ነጥብ በየዓምዱ በአጭር ቃል ይጽፋሉ፤ መልስ የተሰጠውን ነጥብ በቀስት ከመልሱ ጋር ያገናኛሉ። በወረቀቱ ላይ ቀስት ያልደረሰው ነጥብ ካለ ማንም አልመለሰውም ማለት ነው። ጎበዝ ተከራካሪ ተነሥቶ በመጀመሪያ የሚያነሣው ያንን ነው። ይህ ልማድ ከክርክር ክፍል ውጭ ትምህርት ክፍልም፣ የሥራ ስብሰባም፣ ፍርድ ቤትም ድረስ ያገለግላል።

የክርክር ታሪክም ለማሸነፍ ታላቅ ስም ወይም ከፍ ያለ ድምፅ እንደማያስፈልግ ያስተምራል። ማርሻል፣ ቴክሳስ የሚገኘው፣ ያኔ ዋይሊ ኮሌጅ ይባል የነበረው ተቋም ትንሽ የጥቁሮች ኮሌጅ ነበር። ገጣሚውና የእንግሊዝኛ መምህሩ ሜልቪን ቶልሰን ያሠለጠነው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1935፣ የዘር መድሎ በሕግ በጸናበት ዘመን፣ የጊዜውን ብሔራዊ ሻምፒዮን የደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን ረታ። ዴንዘል ዋሽንግተን ስለዚህ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 በሠራው ፊልም ተሸናፊው ሃርቫርድ ሆኖ ቀርቧል። የዋይሊ ተከራካሪ የነበረው ጄምስ ፋርመር በኋላ የዘር እኩልነት ኮንግረስ የተባለውን የሲቪል መብት ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1965 ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ ጄምስ ቦልድዊን በካምብሪጅ ዩኒየን አዳራሽ ከወግ አጥባቂው ጸሐፊ ከዊሊያም በክሊ ጋር ተከራከረ። ርዕሱ የአሜሪካ ሕልም የተገነባው በጥቁር አሜሪካዊው ኪሣራ ነው የሚል ነበር። ርዕሱን የደገፈው ቦልድዊን ሳይጣደፍ፣ ድምፁን ሳያጋንን ተናገረ፤ በድምፅ ብልጫ 544 ለ164 አሸነፈ።

ለእኛም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ተሟጋቾች በአደባባይ ቆመው ነገራቸውን በምሳሌና በግጥም እያዋዙ ተራ በተራ ያቀርቡ፣ ዳኛውና ሕዝቡ ያደምጡ ነበር። ተራ መጠበቅ፣ የባላጋራን ቃል ይዞ መመለስ፣ ለዳኛ መታዘዝ እዚያም ሕግ ነበር። «ታላቅ ሲናገር ዝም ይባላል» የተባለ ልጅ በክርክር አዳራሽ ያንን ሥርዓት አያጣውም፤ ሳይፈቀድለት ተናጋሪውን ያቋረጠ፣ ሰውን የዘለፈ በዳኛ ዘንድ ይወድቃል። የሚነቀፈው ሐሳቡ ነው፤ የተናገረው ሰው አይነካም።

ዘዬ ወይም አክሰንት የሚያሳስበው ተማሪም አይጨነቅ። ዳኛ የሚመዝነው ሐሳቡ ግልጽ መሆኑን፣ ምክንያቱ መያያዙንና ለተቃዋሚ መመለሱን ነው። በዓለም ሻምፒዮናው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ላልሆነ ቡድኖች ለብቻው የሚሸለም ምድብም አለ። ለጀማሪ የሚበጀው መላ አጫጭር ዓረፍተ ነገር መጠቀምና «ሁለት ምክንያት አለኝ፤ የመጀመሪያው…» እያሉ አድማጩን መምራት ነው።

ታዲያ እንዴት ይገባል? በብዙ ኮሌጆች የቀድሞ ልምድ አይጠየቅም፤ ፍላጎትና ጊዜ ይበቃል። አንዳንድ ቡድኖች ግን አጭር ፈተና ያደርጋሉ፦ ሁለት ደቂቃ ስለ አንድ ጉዳይ መናገር ወይም ትንሽ የልምምድ ክርክር። የሚፈለገው ብቃት ሳይሆን እርማት ሲሰጥ ተቀብሎ የሚሻሻል ሰው ነው። ልምምዱ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ምሽት ይሆናል፤ ውድድሩ ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሑድን ስለሚወስድ ሥራ ያለው፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ቤተሰብ የሚጠብቀው ሰው አስቀድሞ ቀጠሮውን ያስተካክል። ጥሩ ልብስ ያስፈልጋል፤ ውድ መሆን ግን የለበትም፤ ንጹሕና የተተኮሰ ይበቃል።

በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ሽንፈት ያጋጥማል። ስለዚህ ከዋንጫው ይልቅ የዳኛው አስተያየት የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ መመለስ ይሻላል። ወረቀቱን ከአሠልጣኙ ጋር ቁጭ ብሎ ማንበብ፣ ሁለት ዳኞች የተስማሙበትን አንድ ድክመት መምረጥና በሚቀጥለው ሳምንት ያንን ብቻ መሥራት ያራምዳል። ሁሉንም ድክመት በአንድ ጊዜ ላርም የሚል ተማሪ ግን ግራ ይጋባል።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ስትሄዱ አሠልጣኙን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በየትኞቹ ዓይነቶች ትወዳደራላችሁ? የጉዞውን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው? ጀማሪን በስንተኛው ሳምንት ታሰማራላችሁ? ከዚያ ብዕርና ወረቀት አውጥታችሁ አንድ ሙሉ የልምምድ ክርክር እየጻፋችሁ ስሙ። መጨረሻ ላይ «ይሄኛው ነጥብ መልስ አላገኘም» ማለት ከቻላችሁ የተከራካሪነት ሥራ ጀምራችኋል፤ የሚቀራችሁ ተነሥቶ ያንኑ ነጥብ መናገር ነው።