የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ትብብርና ዕውቀቱ እስከ አዘና የሚደርስበት መንገድ

ፊዚዮቴራፒ በበሽታ፣ በአደጋ፣ በዕድሜ መግፋት ወይም ከውልደት ጀምሮ የመንቀሳቀስ አቅማቸው የተጓደለባቸው ሰዎች በእጅ በሚሰጥ ሕክምና፣ በተመረጡ የአካል እንቅስቃሴዎችና በመርጃ መሣሪያዎች አማካይነት አቅማቸውን መልሰው እንዲያገኙ የሚያስችል የሕክምና ዘርፍ ነው። በአገራችን ሙያው ከእግር ኳስ ሜዳ ወጌሻ ጋር ብቻ ተያይዞ ሲታይ ቢቆይም፣ የአገልግሎቱ ስፋት ግን ከዚያ እጅግ የላቀ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ የተጠገነለት፣ በስትሮክ ምክንያት ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት፣ እግሩ ተቆርጦ ሰው ሠራሽ እግር የተገጠመለት፣ እንዲሁም እግሩ ተቆልምሞ የተወለደ ሕፃን ሁሉ የዚህ ሙያ ተጠቃሚዎች ናቸው።

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በምትገኘው አዘናና በዙሪያዋ የሚኖረው አርሶ አደር ኑሮው በአካል ብርታት ላይ የተመሠረተ ነው። ማረስ፣ ማረም፣ ሸክም ይዞ ዳገት መውጣትና ቁልቁለት መውረድ የዕለት ተዕለት ተግባሩ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል እንደሚያመለክተውም ፈረስ ለአካባቢው ሕዝብ የክብርና የኑሮ አጋር ነው። በመሆኑም በዚህ አካባቢ እግሩ ወይም ወገቡ የተጎዳ ሰው የሚያጣው ጤንነቱን ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡን መተዳደሪያ ጭምር ነው።

የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት በአገሪቱ በአብዛኛው የሚገኘው በጠቅላላና በስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች ነው። ከአዘና ገጠር ቀበሌ የሚነሳ ታካሚ ወደ ዞኑ ዋና ከተማ ወደ እንጅባራ፣ ሕመሙ ከበድ ሲልም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር መጓዝ ሊኖርበት ይችላል። ሕክምናው በአንድ ቀን የሚያበቃ ሳይሆን ለሳምንታትና ለወራት የሚዘልቅ በመሆኑ፣ ርቀቱና የመጓጓዣው ወጪ ብዙዎችን ከመንገድ ሊያስቀር የሚችል እንቅፋት ነው። የባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ትብብር ለወረዳ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የሩቅ ጉዳይ የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የትብብሩ የመጨረሻ መለኪያ በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ወይም በከተማ ሆስፒታል የተገኘው ዕውቀት በቀበሌ ለሚኖረው ሰው መድረሱ ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ከአገር ወሰን ባሻገር መተጋገዝ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 የ11 አገሮች ብሔራዊ ማኅበራት በኮፐንሃገን ተሰባስበው የዓለም የፊዚዮቴራፒ ኮንፌዴሬሽንን መሥርተዋል። ከ2020 ጀምሮ ወርልድ ፊዚዮቴራፒ በሚል ስያሜ የሚጠራው ይኸው ድርጅት ከ120 በላይ አገር አቀፍ ማኅበራትን ያቀፈ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ማኅበርም አባሉ ነው። ድርጅቱ የሙያውን የትምህርትና የሥነ ምግባር መመዘኛዎች ያወጣል፤ ከ1996 ጀምሮም ሴፕቴምበር 8 የዓለም የፊዚዮቴራፒ ቀን ሆኖ በየዓመቱ እንዲከበር አድርጓል።

ኢትዮጵያ በዚህ ትብብር ውስጥ ተቀባይ ብቻ ሆና አልቆየችም። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የተመሠረተው መላ አፍሪካን በሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሃድሶና ሥልጠና እንዲያገለግል ታስቦ ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭን የሚጎዳ በመሆኑ የታካሚውን የእጅና የእግር ስሜት በየጊዜው መመርመር፣ ጣቶች እንዳይታጠፉ ማንቀሳቀስ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ጡንቻው አዲሱን ተግባሩን እንዲለምድ ማሠልጠን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ድርሻ ነው። ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ የጤና ባለሙያዎች ይህንን ዕውቀት ቀስመው የተመለሱት ከዚሁ ማዕከል ነው።

በአማራ ክልል ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግንባር ቀደም ቦታ ይይዛል። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የፊዚዮቴራፒ የዲግሪ ትምህርት የጀመረ ሲሆን፣ ከ2005 ወዲህም ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ፕሮግራም ሲያካሂድ ቆይቷል። የማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ መሠረተ ሐሳብ ታካሚው ወደ ሆስፒታል እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ የሠለጠነ ሠራተኛ ወደ ታካሚው ቤት ሄዶ፣ ቤተሰቡን አስተምሮ፣ ጎረቤቱንና ትምህርት ቤቱን አስተባብሮ አካል ጉዳተኛው ባለበት እንዲረዳ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ይኸው ዩኒቨርሲቲ በካናዳ ከሚገኘው የኲንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር የአሥር ዓመት ትብብር ጀምሯል። ትብብሩ መምህራን በካናዳ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት እንዲላኩ፣ ለወጣቶች፣ በተለይም ለአካል ጉዳተኞች የትምህርት ዕድል እንዲመቻች፣ እንዲሁም ለአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነው የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት እንዲጀመር አስችሏል። ከዚህ አሠራር የሚገኘው ዋና ትምህርት ባለሙያን ለአጭር ጊዜ ከማስመጣት ይልቅ መምህርን ማስተማር የሚበልጥ መሆኑ ነው። የተማረው መምህር በየዓመቱ አዳዲስ ባለሙያዎችን ያፈራልና።

ዕውቀት ከአገር ወደ አገር የሚሸጋገርበትን መንገድ በግልጽ ከሚያሳዩ ምሳሌዎች አንዱ የቆልማማ እግር ሕክምና ነው። ቆልማማ እግር ሕፃኑ የእግሩ መዳፍ ወደ ውስጥና ወደ ታች ተጣሞ የሚወለድበት ሁኔታ ሲሆን፣ በግምት ከ1 ሺህ ሕፃናት አንዱ ላይ ይከሰታል። ካልታከመ ሕፃኑ አድጎ በእግሩ ጎን ወይም በጀርባው እንዲራመድ ይገደዳል። ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከአገሩ የተሰደደው ሐኪም ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያዳበረው ዘዴ ይህንን ችግር ያለ ከባድ ቀዶ ሕክምና ይፈታል። በዚህ ዘዴ እግሩ በየሳምንቱ በእጅ ጥቂት በጥቂት እየተቃና በጀሶ ይታሰራል። አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ስድስት ጀሶ በኋላ የተረከዝ ጅማት በአነስተኛ ቀዶ ሕክምና ይፈታና የመጨረሻው ጀሶ ለሦስት ሳምንት ይቆያል። ከዚያም ሕፃኑ በብረት ዘንግ የተያያዘ ልዩ ጫማ ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ቀጥሎም እስከ አራት ዓመት ዕድሜው ድረስ በእንቅልፍ ሰዓት ያደርጋል።

ዘዴው ውድ መሣሪያ የማይጠይቅና የጀሶውን ሥራ የሠለጠኑ የፊዚዮቴራፒና ሌሎች መካከለኛ የጤና ባለሙያዎች ሊያከናውኑት የሚችሉ በመሆኑ፣ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች ጥቂት በሆኑባቸው የአፍሪካ አገሮች ተስፋፍቷል። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2017 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ግሎባል ክለብፉት ኢኒሼቲቭና በአዲስ አበባ የሚገኘው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ከአጋሮቻቸው ጋር በመሆን የአፍሪካ የቆልማማ እግር ሥልጠና ፕሮጀክትን አካሂደዋል። ፕሮጀክቱ አንድ ወጥ የመሠረታዊና የከፍተኛ ደረጃ ሥልጠና አዘጋጅቶ ከበርካታ የአፍሪካ አገሮች የተውጣጡ አሠልጣኞችን ያበቃ ሲሆን፣ የሥልጠናው ይዘት የተስተካከለው በአፍሪካ ክሊኒኮች የሚሠሩ ባለሙያዎች በሰጡት አስተያየት ነው። በዚህ መልኩ በአዮዋ የተጀመረ ዕውቀት በአፍሪካውያን እጅ ተፈትኖ፣ በአፍሪካውያን አሠልጣኞች እየተላለፈ ይገኛል።

ይሁንና ይህ ሁሉ ዕውቀት ለአዘናው ሕፃን የሚደርሰው ሕፃኑ በጊዜ ከታወቀ ነው። የጀሶው ሥራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲጀመር ውጤቱ የተሻለ በመሆኑ፣ በወሊድ ክፍል የአራስ ልጅን እግር የምትመለከት አዋላጅ ነርስና ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት ናቸው። በሌላ በኩል እግሩ ተቃንቷል በሚል ልዩ ጫማው ቶሎ ከተተወ ችግሩ ያገረሻል። በመሆኑም ለእናትና ለአባት የሚሰጠው ምክር በሚገባቸው ቋንቋ፣ በአዊ ደግሞ በአውኚም ጭምር፣ መሰጠት ይኖርበታል።

የዕውቀት ልውውጥ ከባለሙያ ወደ ባለሙያ ብቻ የሚካሄድ አይደለም። በገጠር አጥንቱ የተሰበረ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ባህላዊ ወጌሻ ነው። ወጌሻው የተሰበረውን አካል በቀርከሃ ወይም በእንጨት ስንጥር አጥብቆ ሲያስረው የደም ዝውውር ሊቋረጥና አካሉ እስከ መቆረጥ የሚያደርስ ጉዳት ሊከተል ይችላል። ኢትዮጵያዊው ቀዶ ሐኪም መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 በዓለም አቀፍ የአጥንት ሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ ለወጌሾች የሚሰጥ አጭር ትምህርት ይህንን ጉዳት በእጅጉ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይተዋል። ወጌሻውን ከማውገዝ ይልቅ ጣት ሲያብጥ፣ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲጠቁር ማሰሪያውን ፈጥኖ እንዲፈታና ታካሚውን ወደ ጤና ተቋም እንዲልክ ማስተማር በወረዳ ደረጃ ሊከናወን የሚችል ተግባር ነው።

በተመሳሳይ ሁኔታ በባዶ እግር ከቀይ አፈር ጋር በሚደረግ የረጅም ጊዜ ንክኪ የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ የተሰኘው የእግር እብጠት ይጠቀሳል። በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት የታተመ ጥናት እግርን በየዕለቱ ማጠብ፣ ቆዳን ማለስለስ፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ሕመሙ በድንገት የሚነሳበትን ጊዜ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በጎጃም አርሶ አደሮች ተሳትፎ የተገኘው ይህ ማስረጃ ለሌሎች አገሮችም የሚጠቅም ነው።

ትብብሩ ፍሬ የማያፈራባቸው ምክንያቶችም ግልጽ ናቸው። የውጭ ባለሙያ ለጥቂት ቀናት መጥቶ ሲመለስ የሚተካው ካልሠለጠነ፣ በእርዳታ የመጣ መሣሪያ መለዋወጫና ጠጋኝ ካጣ፣ ሠልጥኖ የተመለሰ ባለሙያ የሥራ መደብ ካልተከፈተለት ወይም በሌላ ሥራ ላይ ከተመደበ የወጣው ወጪ ሁሉ ባክኖ ይቀራል። እነዚህ ችግሮች የሕክምና ሳይሆኑ የአስተዳደር ጉዳዮች በመሆናቸው መፍትሔያቸውም በአብዛኛው በመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች እጅ ነው።

የሕግ መሠረቱም የተሟላ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 26 ስለ ተሃድሶ፣ በአንቀጽ 32 ስለ ዓለም አቀፍ ትብብር ይደነግጋል። የዓለም የጤና ጉባዔም በሜይ 2023 ተሃድሶ የመደበኛው የጤና ሥርዓት አካል ሆኖ እንዲጠናከር የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል።

በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ የጤና፣ የፋይናንስና የሲቪል ሰርቪስ መሥሪያ ቤቶች የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ ማን እንደሚሠለጥን ብቻ ሳይሆን የሠለጠነው ሰው የትና በየትኛው መደብ እንደሚሠራ፣ መሣሪያውን ማን እንደሚጠግን፣ የቤት ለቤት ክትትሉን ማን እንደሚያካሂድ ጭምር አስቀድመው ሊወስኑ ይገባል። የወሊድ ክፍል ምርመራ፣ የሪፈር ግንኙነት፣ የወጌሾች ትምህርትና በአካባቢ ቋንቋ የሚዘጋጅ ምክር ከፍተኛ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። እነዚህ በአንድ ላይ ሲሟሉ ከኲንስ፣ ከኦክስፎርድና ከጎንደር የሚነሳው ዕውቀት በአዘና ቀበሌዎች ለሚኖረው አርሶ አደርና ለልጁ በተግባር ይደርሳል።