ኮንቴይነሩ ቤት ይሆናል፤ መሬቱስ?

ቤቴልን ጨምሮ በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ኮንቴይነር ሱቅ፣ ፀጉር ቤት፣ የጥበቃ ማደሪያ ሆኖ ዓመታት አስቆጥሯል። ሰው ውሎ ከሠራበት ለምን አይኖርበትም? ጥያቄው ኪራይ በናረ ቁጥር ይነሳል፤ መልሱ ግን ብረቱን ብቻ በማየት አይገኝም።

አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ ከተሜው ቤት የሚጠብቀው ከመንግሥት ሆኗል። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከ450,000 በላይ ሰው ተመዘገበ፤ በ2005 ምዝገባው እንደገና ሲከፈት ወረፋው ረዘመ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዕጣ የወጣባቸው ቤቶች 51,229 ነበሩ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 የወጣው የ25,491 ቤቶች ዕጣ ደግሞ መረጃው ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰርዞ ከወራት በኋላ በድጋሚ ወጣ። ወረፋው ያልደረሰው ሰው የትም አልሄደም፤ እዚሁ ነው ያለው። ቤቴል ባለበት ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ፣ መጋቢት 2009 ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር በቀለሱት ጎጆ ውስጥ ነበሩ። ስለ ርካሽ ቤት ስናወራ ይህን መርሳት አይገባም።

ወደ ሳጥኑ እንመለስ። አሜሪካዊው ማልኮም ማክሊን በ1948 ዓ.ም. 58 የብረት ሳጥኖች በመርከብ ጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ሲልክ ያሰበው ስለ ጭነት ብቻ ነበር። ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር ውስጡ ወደ 14 ካሬ ሜትር፣ ባለ 40 ጫማው ወደ 28 ካሬ ሜትር ነው። ትንሹ በስፋት ከአንድ ሰርቪስ ቤት ብዙም አይተናነስም። ችግሩ ወርዱ ነው፦ 2.35 ሜትር። ግድግዳው በፎምና በጂፕሰም ሲለበስ ይህም ይቀንሳል። አልጋ ካስገቡ በኋላ እንግዳ ተቀብሎ ቡና ማፍላት ብልሃት ይጠይቃል።

መልበሱ ደግሞ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ቤቴል ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቀን ላይ ፀሐዩ ላሜራውን ያግላል። ያልተለበሰ ብረት ቀን ያፍናል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል፣ ንጋት ላይ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። በክረምት በረዶ ሲወርድማ መነጋገርም አይቻል። የባሕር ዛፍና የጭቃ ቤት በዚህ በኩል ይበልጠዋል፤ ይህን የምለው ጭቃ ቤት ናፍቆኝ አይደለም፣ ወፍራም ግድግዳው ሙቀቱን ስለሚያቆይ ነው። ሌላም አለ። መስኮትና በር ለማውጣት ግድግዳው ሲቆረጥ ሳጥኑ ጥንካሬውን ያጣል፤ በብረት መደገፍ አለበት፣ የተቆረጠው ጠርዝም በደንብ ካልተቀባ ዝገት ይጀምረዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሠራበት የብረት ቤት ደግሞ ከምድር ጋር በትክክል ካልተገናኘ አንድ የተላጠ ሽቦ ግድግዳውን በሙሉ ኤሌክትሪክ ሊያስይዘው ይችላል። ስለዚህ ከበያጁ ሌላ የኤሌክትሪክ ባለሙያም ያስፈልጋል።

ዋጋውም እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ኮንቴይነር በአብዛኛው የመርከብ ድርጅት ንብረት ነው፤ ዕቃውን አራግፎ ወደ ጅቡቲ ይመለሳል። አገር ውስጥ የሚቀረውም፣ ከውጭ ተገጣጥሞ የሚመጣውም በውጭ ምንዛሪ ይለካል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የብረት ነገር ሁሉ ጨምሯል።

ይህ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ዋናው ነገር ይቀራል። ኮንቴይነር የሚተካው ግድግዳና ጣሪያን ነው። የከተማ ቦታ በሊዝ አዋጅ 721/2004 መሠረት በጨረታ ወይም በምደባ ይገኛል፤ ውሃ፣ ቆጣሪና የፍሳሽ መስመር የሚከተሉት ቦታውን ነው። ተነስቶ የሚሄድን ሳጥን ባንክ እንደ ቤት መያዣ አድርጎ ሊቀበለው ይቸግረዋል። ቤቴል ላይ ግቢ ያለው ሰው ሰርቪስ አድርጎ ሊያከራየው ይችላል፤ የሚጠቀመው ግን ቀድሞም ካርታ ያለው ነው። ቤት የሌለው ተከራይ ተከራይ እንደሆነ ይቀጥላል።

አምስተርዳም ውስጥ በ1998 ዓ.ም. ገደማ ወደ 1,000 የሚጠጉ ኮንቴይነሮች የተማሪ መኖሪያ ሆነው ነበር። ለአምስት ዓመት የታሰቡ ነበሩ፤ ከዚያም በላይ ቆዩ። ሥራው የተሳካው ግን ነዋሪው ወጣት ላጤ፣ መሬቱም አስቀድሞ የተዘጋጀ ስለነበር ነው። እኛም ጋ ለግንባታ ሠራተኛ፣ በአደጋ ለተፈናቀለ ቤተሰብ፣ ሰፈሩ ፈርሶ እስኪሠራ ለሚጠብቅ ነዋሪ ይጠቅማል፤ መውጫው ቀን በጽሑፍ እስከተቀመጠ ድረስ። ለአምስትና ስድስት ሰው ቤተሰብ ቋሚ ቤት ነው የሚለውን አልቀበልም። ሊገዙ ያሰቡም ካሉ፣ ከሻጩ በፊት ወረዳቸው ሄደው ፈቃዱን ይጠይቁ።